ዘኍልቍ 29 ላይ ወይፈኖቹ ለምንድነው በየቀኑ አንድ አንድ እየቀነሱ ሚሄዱት?

ማታ_አንባቢ፦
ሰላም ለቤቱ። ኦሪትን ከዘፍጥረት ጀምሬ በተራ እያነበብኩ ነው፣ ዘሌዋውያንን እንደምንም ተወጥቼ ዘኍልቍ 28 እና 29 ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ እንደሚያልፈው አውቃለሁ፣ እኔም እስከዛሬ እንደዛው ነበርኩ፣ አሁን ግን ካልኩሌተር አውጥቼ ደመርኩት። በዳስ በዓል የመጀመሪያ ቀን 13 ወይፈን ይቀርባል፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 11 እያለ ይወርድ ይወርድና በሰባተኛው ቀን 7 ላይ ያርፋል። ድምሩ ልክ 70። ሚገርመው አውራ በጉ በየቀኑ 2፣ ጠቦቱ በየቀኑ 14 ነው፣ እነሱ ንቅንቅ አይሉም፣ ወይፈኑ ብቻ ነው ሚቀንሰው። ስምንተኛው ቀን ላይ ደሞ ያ ሁሉ ነገር ቆሞ አንድ ወይፈን አንድ አውራ በግ ሰባት ጠቦት ይልና አለቀ (ለኃጢአት ሚቀርበው አንድ ፍየል ሁሉም ቀን ላይ አለ)።

ጥያቄዬ፣ ይሄ ቁጥር ትርጉም ኖሮት ነው ወይስ እንዲሁ መጠን ነው? ሌላው ደሞ የኃጢአት መሥዋዕትና የበደል መሥዋዕት እስካሁን አልተለየልኝም፣ ሁለቱም ለጥፋት ከሆነ ለምን ሁለት አስፈለገ? ዩቲዩብ ላይ አንዱ ሰውዬ እያንዳንዱ ቁጥር ትንቢት ነው እያለ ሲያስተምር ሰምቼ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ምታውቁ ሰዎች በናታችሁ አስረዱኝ፣ ስድብና የሃይማኖት ንትርክ ግን አልፈልግም።

ዳር_ቋሚ፦
እህቴ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምሽው። 70ውን በተመለከተ ድሮም የተነሳ ጥያቄ ነው። ዘፍጥረት 10 ላይ ከኖኅ ልጆች የወጡት ሕዝቦች በዕብራይስጡ ሲቆጠሩ 70 ይሆናሉ፣ ታልሙድ (የድሮ የአይሁድ ራቢዎች ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ) ውስጥ ሱካ ሚባለው ክፍል ላይ ራቢ አልዓዛር 70ዎቹ ወይፈኖች ለ70ዎቹ የዓለም ሕዝቦች ናቸው ይላል፣ የስምንተኛው ቀን አንድ ወይፈን ደሞ ለአንዱ ሕዝብ ለእስራኤል። እዛው ላይ ራቢ ዮሐናን ሚለው ነገር አለ፣ ወይኔ ለአሕዛብ፣ አጥተዋል ግን ምን እንዳጡ እንኳ አያውቁም፣ ቤተ መቅደሱ ቆሞ በነበረ ጊዜ መሠዊያው ያስተሰርይላቸው ነበር፣ አሁን ማን ያስተሰርይላቸዋል? ይሄን ሚለው እንግዲህ ሮማውያን በ70 እ.ኤ.አ. ቤተ መቅደሱን ካፈረሱት በኋላ ነው። አፍራሾቹ ያፈረሱት ለራሳቸው ይሠዋበት የነበረውን ቦታ ነው እያለ ነው ሰውዬው። እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል፣ ከተማው የተቃጠለበት ሕዝብ ላቃጠለው ሲያዝን።

ግን ልብ በይ፣ ዘኍልቍ ራሱ 70 ብሎ አልደመረም፣ አሕዛብ ሚል ነገርም እዛ ምዕራፍ ላይ የለም። የደመሩት አንባቢዎች ናቸው፣ አንቺ እንደደመርሽው።

የመቀነሱ ነገር ደሞ እኔ እንደሚገባኝ ሂሳቡ ራሱ ነው ሚያስገድደው። በዓሉ በሰባተኛው ወር ነው፣ ሰባት ቀን ይቆያል፣ በሰባተኛው ቀን 7 ወይፈን ላይ ማረፍ ከተፈለገ እና በየቀኑ አንድ ሚቀነስ ከሆነ መነሻው የግድ 13 ነው፣ ሌላ ምርጫ የለም። ስለዚህ 13 ለብቻው ምንም ማለት አይደለም፣ ቁም ነገሩ መድረሻው ላይ ነው። ሌሎቹንም እዪአቸው፣ አውራ በግ በጠቅላላ 14፣ ጠቦት 98 ማለትም ሁለት ጊዜ 49፣ ፍየል 7፣ ሁሉም ተደምሮ 189 ይመጣል፣ እሱም ለ7 ይካፈላል። የጠዋትና የማታው ጠቦት ሳይቆጠር ነው ይሄ፣ እሱ በዓል ኖረ አልኖረ የየቀኑ ነው። እንዲሁ በአጋጣሚ የወጣ ቁጥር አይመስለኝም፣ የጻፈው ሰው ሰባትን እያሰበ ነው የጻፈው።

ቁጥር_አይዋሽም፦
13 ምንም አይደለም ማለት እንዴት ይቻላል?? ዘፍጥረት 14፥4 አንብብ ወንድሜ፣ 12 ዓመት ለኮሎዶጎምር ተገዙ በ13ኛው ዓመት ዐመፁ ይላል። 13 የዐመፅ ቁጥር ነው በቃ። አሕዛብ ከዐመፅ ተነስተው ወደ 7 ወደ ፍጹምነት ሲወርዱ ነው ሚያሳየው። 3 የመለኮት ነው፣ 4 የምድር ነው አራቱ ማዕዘን፣ 3 ሲደመር 4 ሰባት፣ 3 ሲባዛ በ4 አሥራ ሁለት፣ 40 የፈተና፣ 50 የነፃነት። ሁሉም ቁልፍ አለው፣ ይሄን ያልያዘ ሰው ላይ ላዩን ነው ሚያነበው።

ዳር_ቋሚ፦
እስማኤል ሲገረዝ 13 ዓመቱ ነበር፣ ዘፍጥረት 17፥25። ሰሎሞን የራሱን ቤት 13 ዓመት ሠራ። ለኤርምያስ ቃል የመጣለት በኢዮስያስ 13ኛ ዓመት ነው። እነዚህ ሁሉ ዐመፁ ልትለን ነው? አንድ ቦታ ላይ ያገኘኸውን ይዘህ ሌላው ቦታ ላይ መለጠፍ እኮ ቀላል ነው፣ ማይመቹህን ጥቅሶች ዝም ካልካቸው ከየትኛውም ቁጥር ምትፈልገውን ታወጣለህ።

ብራና፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ፣ ቁጥሩን ለነሱ ትቼ።

ማታ_አንባቢ፣ ልዩነቱ ቀላል ነው አንዴ ከገባሽ። የበደል መሥዋዕት (ዘሌዋውያን 5 መጨረሻና 6 መጀመሪያ) በአብዛኛው ሚመለስ ዕዳ ሲኖር ነው። ለመቅደስ የተቀደሰ ነገር በስህተት ከወሰድሽ ወይ አደራ ከበላሽ ወይ ሰው ቀምተሽ በሐሰት ከማልሽ መጀመሪያ ዋናውን ትመልሻለሽ፣ አምስተኛ እጅ ትጨምሪበታለሽ፣ ከዛ ነው አውራ በግ ምታመጪው። ሰው የተቀማ ከሆነ ገንዘቡ ለባለቤቱ ነው ሚሰጠው፣ በዛው መሥዋዕቱ በሚቀርብበት ቀን። መጀመሪያ ክፈል ከዛ ና ማለት ነው።

የኃጢአት መሥዋዕት ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ስሙን ይዞ ስለሚሄድ ነው። እስቲ ይሄን መልሱልኝ፣ ዘሌዋውያን 12 ላይ የወለደች ሴት የኃጢአት መሥዋዕት ታቀርባለች፣ ምን ኃጢአት ሠርታ? ናዝራዊው (በስእለት ራሱን ለእግዚአብሔር የለየ ሰው) ስእለቱን በደንብ ሲጨርስ ያቀርባል ዘኍልቍ 6 ላይ፣ እሱስ ምን አጠፋ? ይባስ ብሎ መሠዊያው ራሱ መጀመሪያ ሲቀደስ የኃጢአት መሥዋዕት ይቀርብለታል ዘጸአት 29፥36። መሠዊያ ኃጢአት ይሠራል እንዴ? ጃኮብ ሚልግሮም ሚባል ዕድሜውን በዘሌዋውያን ላይ የጨረሰ ተመራማሪ ነበር (በ2010 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው)፣ እሱ ሚለው የዚህ መሥዋዕት ሥራ ማጥራት ነው፣ ደሙ ለመቅደሱ እንደ ሳሙና ነው። የሰው ጥፋትና ርኩሰት ሄዶ መቅደሱ ላይ ያርፋል፣ ደሙ ደሞ ያንን ያጥባል። ማስረጃው ደሙ ሚሄድበት ቦታ ነው። የኃጢአት መሥዋዕት ደም አቅራቢው ሰው ላይ አይቀባም፣ መሠዊያው ላይ ነው ሚቀባው። ካህኑ ወይ ጉባኤው ሁሉ ካጠፋ ደሙ ወደ ውስጥ ይገባና በመጋረጃው ፊት ሰባት ጊዜ ይረጫል፣ አለቃ ወይ ተራ ሰው ከሆነ ግን ውጪ ያለው መሠዊያ ቀንዶች ላይ ነው ሚቀረው። በማስተስረያ ቀን ደሞ እስከ ስርየት መክደኛው (የታቦቱ ክዳን) ድረስ ይገባል፣ እዛም ሰባት ጊዜ። ጥፋቱ በከበደ ቁጥር ደሙ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል ማለት ነው። ይሄን ካርታ አንዴ ካየሽው ዘሌዋውያን 4ን ሌላ ጊዜ አትዘይውም።

እንስሳውም እንደ ሰውየው ነው ሚወሰነው። ለካህኑ ወይፈን፣ ለጉባኤው ወይፈን፣ ለአለቃ ወንድ ፍየል፣ ለተራ ሰው ሴት ፍየል ወይ ሴት ጠቦት። ሥልጣንህ ከፍ ሲል ጥፋትህ ውድ ይሆናል። ምዕራፍ 5 ላይ በተዘረዘሩት ጥፋቶች ደሞ ጠቦት ለመግዛት አቅም ያነሰው ሁለት ዋኖስ ወይ ሁለት የርግብ ግልገል ያመጣል፣ እሱንም ካጣ የኢፍ መስፈሪያ አሥረኛ እጅ መልካም ዱቄት፣ ሁለት ሊትር አካባቢ ሚሆን ማለት ነው። ከዛ ምን ይላል መሰለሽ፣ ዘይት አያድርግበት፣ ዕጣንም አይጨምርበት። የተለመደው የእህል ቁርባን ዘይትና ዕጣን አለው፣ ይሄኛው ደረቅ ነው። ካህኑ አንድ እፍኝ ሙሉ ይቆነጥርና መሠዊያው ላይ ያቃጥላል፣ ይሰረይለታል ይላል። ደም የለም። ያለ ደም ስርየት የለም እያሉ ሚያስተምሩ ሰዎች ይሄን ጥቅስ ሲያነቡ ሰምቼ አላውቅም እና እውነት ለመናገር ሁሌ ይከነክነኛል።

ሰነፍ_ተማሪ፦
ብራና ያልከው ላይ ምጨምረው የለም፣ ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ማይሞኒደስ ሚባል የአይሁድ ሊቅ፣ ራምባም ሚሉት፣ ከ1138 እስከ 1204 እ.ኤ.አ. የኖረ፣ «ግራ የተጋቡት መሪ» ሚባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ምዕራፍ 26 ላይ ስለዚሁ ነገር ቁርጥ ያለ አነጋገር አለው። መሥዋዕት በጠቅላላው ዓላማ አለው፣ ግን ይሄኛው ለምን ጠቦት ያኛው ለምን አውራ በግ፣ ለምን ሰባት ሆነ ብሎ ሚጠይቅ ሰው መጨረሻ የሌለው እብደት ውስጥ ነው ሚገባው ይላል። ምክንያቱም ስምንት ቢሆን ኖሮ ለምን ስምንት ትላለህ፣ አሥር ቢሆን ለምን አሥር፣ አንዱ ቁጥር መመረጥ ነበረበት ተመረጠ። ዩቲዩብ ላይ ላለው ሰውዬ ከ800 ዓመት በፊት መልስ ተሰጥቶታል ሃሃ

በርግጥ ሁሉም አልተስማማለትም። ሌላው የአይሁድ ሊቅ ናሕማኒደስ ዘሌዋውያን 1 ላይ በጻፈው ትርጓሜ ራምባምን ክፉኛ ነው ሚወቅሰው፣ በቁጥሩ ሳይሆን በመሥዋዕቱ ምክንያት። ራምባም መሥዋዕት ሕዝቡን ከጣዖት ለማላቀቅ የተፈቀደ ነገር ነው ሲል እሱ ደሞ ኖኅ ከመርከብ ሲወጣ ከነልጆቹ ብቻውን ነበር፣ ግብፃዊም ከለዳዊም በዓለም ላይ አልነበረም፣ ታዲያ የማንን ጣዖት ለመተው ነው የሠዋው ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ በዚህ በዚህ ከናሕማኒደስ ጋር ነኝ። በቁጥሩ ግን ወደ ራምባም አደላለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

ለምን ሙሉ በሙሉ አይሆንም? መጽሐፉ ራሱ ቁጥሩን ሚፈታበት ቦታ ስላለ። ዕዝራ 6፥17፣ ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ሲመረቅ 100 ወይፈን 200 አውራ በግ 400 ጠቦት ቀረበ ይላል፣ ለኃጢአት ደሞ 12 አውራ ፍየል፣ እንደ እስራኤል ነገዶች ቁጥር። ከባቢሎን በዋናነት የተመለሱት ይሁዳና ብንያም ከሌዋውያን ጋር ናቸው እኮ! የሌሎቹ ነገዶች ሰዎች ተበትነው የት እንደገቡ አይታወቅም፣ ፍየላቸው ግን ቀርቧል። እዚህ ላይ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ማንም መገመት አያስፈልገውም፣ ጽፎታል። 40 ዓመት በምድረ በዳም እንደዛው ነው፣ ዘኍልቍ 14፥34 ሰላዮቹ በሄዱበት በ40ው ቀን ልክ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዓመት ብሎ ሂሳቡን አስቀምጦታል።

ስለዚህ የኔ አካሄድ፣ ጸሐፊው ከፈታው እቀበላለሁ፣ ቁጥሩ ደጋግሞ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ከመጣ (ደም ሰባት ጊዜ መርጨት፣ ለምጻሙ ላይ፣ በቀይዋ ጊደር፣ በመጋረጃው ፊት) የሆነ ነገር እንዳለ እገምታለሁ፣ ከዛ ውጪ ያለው ላይ አፌን እዘጋለሁ። ሰባት ብቻውን ደሞ ሥራ አይሠራም። የሞዓብ ንጉሥ ባላቅ እስራኤልን እንዲረግምለት ያስጠራው በለዓም ሦስት ቦታ ሰባት ሰባት መሠዊያ አሠራ፣ በየመሠዊያው አንድ ወይፈንና አንድ አውራ በግ፣ በጠቅላላው 21 መሠዊያ 42 እንስሳ፣ ሲጀምርም ሰባቱን መሠዊያዎች አዘጋጅቻለሁ ብሎ ለእግዚአብሔር ይናገራል። ባላቅ ያን ሁሉ ከብት አውጥቶ ያገኘው ምርቃት ነው፣ እሱም ለጠላቱ።

ሌላ ነገር ደሞ፣ ማታ_አንባቢ ሕዝቅኤል 45 ላይ ስትደርሺ ካልኩሌተርሽን አትርሺ። እዛ ላይ ያው የሰባተኛው ወር በዓል በየቀኑ 7 ወይፈን 7 አውራ በግ ነው ሚለው፣ መቀነስ ሚባል ነገር የለም፣ ድምሩም 49 ነው እንጂ 70 አይደለም። ፋሲካውም አይገጥምም፣ ዘኍልቍ 28 በቀን 2 ወይፈን 1 አውራ በግ ነው፣ ሕዝቅኤል 7 እና 7። ይሄ ነገር ራቢዎቹን ክፉኛ ነው ያስጨነቃቸው፣ መጽሐፉ ከኦሪት ጋር ይጋጫል ተብሎ ሊደበቅ ነበር፣ ሐናንያ ቤን ሕዝቅያ ሚባል ሰው 300 ማድጋ ዘይት ሰገነት ላይ አስወጥቶ ሌሊት ሌሊት እያበራ ቁጭ ብሎ አስታረቀው ይላል ታልሙድ። እንዴት እንዳስታረቀው ግን አልነገሩንም።

ቁጥር_አይዋሽም፦
49 እኮ 7 በ7 ነው፣ እንደውም የኔን ነው ያጠናከርከው። ዕዝራ 8፥35ን ለምን ዘለልከው? 12 ወይፈን፣ 96 አውራ በግ፣ 77 ጠቦት፣ 12 አውራ ፍየል። 77!

ሰነፍ_ተማሪ፦
አልዘለልኩትም ወንድሜ። 12፣ 96፣ 12 ሁሉም በ12 ይካፈላሉ፣ 77 ብቻ ነው ማይካፈለው። በግሪክኛ የቆየው ሌላኛው የዕዝራ መጽሐፍ ላይ ይሄው ቁጥር 72 ነው ሚለው፣ ከ12 ጋር ሚሄድ። የትኛው ነው ቀዳሚው? ድሮም ቁጥሩ ያልተመቸው ሰው ነበረ ማለት ነው፣ ወይ ገልባጭ ተሳስቷል። አንተ 77 ላይ ትምህርት ከመሥራትህ በፊት ይሄን መልስልኝ። 70ውም እኮ እንደዛው ነው፣ የዘፍጥረት 10 ስሞች በግሪኩ ትርጉም ስለሚጨምሩ ቆጠራው ከ70 ያልፋል።

ማታ_አንባቢ፦
ኧረ እናንተ ሰዎች ገደላችሁኝ፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት ሁሉንም። የዱቄቱን ነገር ጭራሽ አላየሁትም ነበር ብራና፣ አመሰግናለሁ። የዕዝራው 12 ፍየል ደሞ ልቤን ነካው።

ወላዷን ካነሳችሁ ግን ዘሌዋውያን 12 ላይ ወንድ ከወለደች 7 ቀን ሲደመር 33፣ ሴት ከወለደች 14 ሲደመር 66፣ ማለትም 40 እና 80 ነው። ለምን እጥፍ ሆነ? ስታነቡት ሴት ልጅ ሁለት እጥፍ ታረክሳለች ሚል ነው ሚመስለው እና ደስ አላለኝም።

ብራና፦
ዘሌዋውያን ምክንያቱን አልተናገረም እህቴ፣ ዝም ብሎ ነው ያለፈው። ምክንያት ሰጥቶ ሚተርክልሽ ኩፋሌ ነው፣ ምዕራፍ 3። አዳም በመጀመሪያው ሳምንት ተፈጠረ፣ ሔዋን በሁለተኛው ሳምንት ወደ እሱ መጣች፣ ስለዚህ ለወንድ 7 ለሴት 14። አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ ገነት ገባ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገባች፣ ስለዚህ 40 እና 80። እዪው እንግዲህ፣ ኩፋሌ ነገሩን ከርኩሰት አውጥቶ ወደ ገነት መግቢያ ቀን ነው የቀየረው። ገነት ቅዱስ ቦታ ነው፣ ወላዷም ወደ መቅደስ ለመግባት ያንኑ ያህል ትጠብቃለች ነው ሚለው። ኩፋሌ ሁሉንም በሰባት ነው ሚቆጥረው፣ ዓመቱ እንኳ 364 ቀን ነው ልክ 52 ሳምንት እንዲሆን፣ ከፍጥረት እስከ ምድረ ርስት ደሞ 50 ጊዜ 49 ዓመት። ቁጥር_አይዋሽም ኩፋሌን ቢያነብ ይደሰታል፣ ከልቤ ነው ምልህ ወንድሜ ስድብ አይደለም።

እጥፉ ቅር ካሰኘሽ ግን ይሄንንም እዪ፣ በመጨረሻ ሚቀርበው መሥዋዕት ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። አንድ ጠቦት ለሚቃጠል፣ አንድ ዋኖስ ወይ የርግብ ግልገል ለኃጢአት። ቀኑ ነው እንጂ የተጠየቀችው ነገር አልተለየም። ድሃ ከሆነች ሁለት ወፍ ይበቃል።

ቁጥር_አይዋሽም፦
ኩፋሌን አንብቤዋለሁ ወንድሜ፣ ምዕራፍ 32 ላይ ያዕቆብ ያቀረበው ሁሉ በ7 ይካፈላል፣ 14 28 49 7 21። እሱንስ ምን ትሉታላችሁ

ሰነፍ_ተማሪ፦
እሱን እስማማለሁ፣ እዛ ላይ ጸሐፊው ሆን ብሎ ነው ያደረገው። ታየህ፣ ተስማማን።

ማታ_አንባቢ፦
ሃሃ ተመስገን። አንድ የመጨረሻ፣ ዘኍልቍ 7 ላይ 12ቱ አለቆች ያቀረቡት አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ለምን 12 ጊዜ ቃል በቃል ይደግመዋል? 89 ቁጥር ነው እኮ ምዕራፉ፣ እሱን ግን ዘልዬዋለሁ አልዋሽም።

ሰነፍ_ተማሪ፦
ከኦሪት ረጅሙ ምዕራፍ ነው፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለሁለተኛው አለቃ «እሱም እንደዚሁ አቀረበ» ብሎ ማሳጠር ይችል ነበር፣ መጨረሻ ላይ እኮ ድምሩን ራሱ ይሰጥሻል፣ ብሩ ሁሉ 2400 ሰቅል (የድሮ የክብደት መለኪያ ነው) ወርቁ 120 ሰቅል ብሎ። ግን አላሳጠረም፣ ለእያንዳንዱ አለቃ የራሱን ቀን፣ የራሱን ስምና የአባቱን ስም ሰጥቶ ዝርዝሩን እንደገና ከሀ ይጀምራል። አሁን ይሄን ከምዕራፍ 1 ቆጠራ ጋር አስተያዪው። ይሁዳ 74,600 ሰው ነው፣ ምናሴ 32,200፣ ከግማሽ በታች። በመጀመሪያው ቀን የይሁዳው ነአሶን 130 ሰቅል ሚመዝን የብር ወጭት፣ 70 ሰቅል ሚመዝን የብር ድስትና ዕጣን የሞላበት 10 ሰቅል የወርቅ ጭልፋ አመጣ። በስምንተኛው ቀን የምናሴው ገማልኤል መጣ፣ ወጭቱ 130፣ ድስቱ 70፣ ጭልፋው 10።